የሶዲየም ክሎራይት ጠብታ የጉበት ቫይረስን ያድናል?

የሐይቅ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቴሌግራም ታዝዞ ደሴና ኮምቦልቻ የሚደርስ ጠብታ አለ። ሁለት ጠርሙስ ነው፤ አንዱ ላይ «ሶዲየም ክሎራይት 28 በመቶ» ይላል፣ ሌላው አሲድ ነው። ቀላቅለው ሲጠጡት ሄፓታይተስ ቢን ከደም ጠርጎ ያወጣል ይባላል። ቤታችን ቫይረሱ የተገኘበት ሰው አለ፣ ገና አልጀመረውም። «ውሃ የሚታከምበት ነገር ሰው አይጎዳም» ለሚሉንስ ምን እንመልስ?

ፋርማሲስት ከኮምቦልቻ፦
እባካችሁ እንዳይጀምረው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ክሎሪን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ወረቀት ፋብሪካ ውስጥ ማንጫ የሆነ፣ በባሕርይው የበረኪና ዘመድ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 እና በ2019 እ.ኤ.አ. ማንም እንዳይጠጣው አስጠንቅቋል። ለየትኛውም የቫይረስ በሽታ መድኃኒት ሆኖ አልጸደቀም።

ውሃ ማከሚያ መሆኑ እውነት ነው፤ ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሎራይት ገደብ በሊትር 0.7 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ጠርሙስ አንድ ጠብታ ብቻ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ግራም ክሎራይት ይይዛል። ሩብ ሊትር ውሃ ውስጥ ሲገባ ከገደቡ ከ40 እጥፍ በላይ ነው። ሻጮቹ ደግሞ በአንድ ጠብታ አያቆሙም።

ቫይረሱን አይደርስበትም። ሄፓታይተስ ቢ ዘረመሉን የሚያስቀምጠው የጉበት ሴል አስኳል ውስጥ ነው፤ ኬሚካሉ ግን መጀመሪያ ያገኘውን ሁሉ ያቃጥላል፦ ጉሮሮን፣ ጨጓራን፣ አንጀትን፣ ከዚያም ቀይ የደም ሴልን። ሄሞግሎቢን ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፣ ከንፈርና ጥፍር ይጠቁራል። ጂ-ሲክስ-ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሰው ሰው ከሆነማ ደሙ ቶሎ ይፈርሳል፣ ኩላሊቱም አብሮ ይጎዳል።

የሐይቅ ልጅ፦
አላህ ይስጥልኝ። ግን ጠጥተው «ነጌቲቭ ሆንን» የሚሉ አሉ። ትውከቱና ተቅማጡም መርዙ ሲወጣ ነው ይላሉ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦
ቫይረሱ አዲስ የያዘው አዋቂ ሰው ከመቶ ዘጠና አምስቱ ያለ ምንም መድኃኒት በስድስት ወር ውስጥ ራሱ ያስወግደዋል። ጠብታውን በዚያ መሃል የጠጣ ሰው ለጠብታው ምስጋና ይሰጣል። ትውከትና ተቅማጡ ግን አንጀት ሲቃጠል የሚመጣ ነው፤ ውሃና ጨው አሟጥጦ የደም ግፊትን ያወርዳል።

ደሴ ሪፈራል ሂዱና ይህን አስመርምሩ፦ የጉበት ኢንዛይም፣ ፕላትሌት፣ ክሬቲኒን (የኩላሊት ምርመራ)፣ አልትራሳውንድ፣ ከተቻለም ቫይራል ሎድ (ደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን)። ኤችአይቪም ይታይ፤ የሄፓታይተስ ቢ መድኃኒት የሆነው ቴኖፎቪር ለብቻው ተሰጥቶ ኤችአይቪ ቢኖር፣ ኤችአይቪው መድኃኒቱን ይለማመዳል። ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሁሉ ወዲያው መድኃኒት አይጀምርም፤ ያልጀመረውም በየስድስት ወሩ ክትትል ያስፈልገዋል። የጀመረ ሰው የተለመደው ቴኖፎቪር 300 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ ነው። ቫይረሱን ያፍነዋል እንጂ ብዙ ጊዜ ነቅሎ አያወጣውም፤ ስለዚህ «ተሻለኝ» ብሎ በራስ ማቋረጥ ጉበቱን በድንገት ሊያስቆጣው ይችላል። አረቄና ጠላ ይቅር፣ ለወፍ በሽታ የሚሰጠው ቅጠልም ይቅር። የቤተሰቡ አባላት ይመርመሩ፤ ነጻ የሆኑት ሦስቱን ክትባት ይውሰዱ፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በስድስተኛው ወር።

ሄፓታይተስ ሲ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሶፎስቡቪርና ዳክላታስቪር 12 ሳምንት ተወስደው አብዛኛውን ሰው ፈጽመው ያድናሉ። የትኛው እንደሆነ የምርመራ ወረቀቱን ደግማችሁ እዩ።

ድንገተኛ ክፍል ነርስ፦
የጠጣ ሰው ካለ አታስታውኩት፤ ሲወጣ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል። አፉን ይጉመጥመጥ፤ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ትንሽ ውሃ ስጡት። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ትንፋሽ ካጠረው፣ ሽንቱ የኮካ መልክ ከያዘ ወይም ከቀነሰ ለነገ አትበሉ። ሁለቱንም ጠርሙሶች ይዛችሁ ኑ፤ ሐኪሙ ምን እንደጠጣ ካላወቀ ለከንፈሩ መጥቆር ልብና ሳንባ ውስጥ ሌላ ምክንያት ሲፈልግ ሰዓት ይሄዳል።