የአቡዳቢ ፓርኮች ዓመታዊ ፓስ ለክረምት ጉዞ ያዋጣል ወይ?

ሸዋበር_ዳር (ጠያቂ)

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነኝ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ሦስቱን ልጆች ይዤ አቡዳቢ ያለችው እህቴ ጋ ለመሄድ አስበናል። የዚያራ (የጉብኝት) ቪዛው የ30 ቀን ነው። እህቴ «ያስ አይላንድ ላሉት የመዝናኛ ፓርኮች ለአራታችሁም ዓመቱን ሙሉ የሚያስገባውን ዓመታዊ ፓስ ልግዛ፤ ሦስቴ ከገባችሁበት የትኬቱን ዋጋ መለሰ» ትለኛለች። ስሌቱ ልክ ይመስላል፣ ግን ወደ ብር ሲመነዘር ያስደነግጣል። ልጆቹ 12፣ 8 እና 4 ዓመታቸው ነው። እህቴ እረፍት ያላት እሁድ እሁድ ብቻ ነው፤ በሌላው ቀን ይዞን የሚወጣ ሰው የለም። ፓሱ ይሻላል ወይስ ይቅርብን? የምታውቁ በቁጥር አስረዱኝ።

ሒሳብ_በጣት

ወዓለይኩም ሰላም እህቴ። እህትሽ የማካፈል ስሕተት የለባትም፣ ያወዳደረችው ነው ልክ ያልሆነው። ፓሱን ያስተያየችው ከአንድ ቀን ትኬት ጋር ነው። የአንድ ቀን ትኬት ደግሞ ለአንድ ቀን ሲሰላ ከሁሉም ውዱ ነው፤ ሦስት ቀን እንደሚገባ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ሦስት የአንድ ቀን ትኬት አይገዛም። መወዳደር ያለበት ከብዙ ቀን ትኬት ጋር ነው።

ቁጥር ልስጥሽ። ዋጋው በየወቅቱ ስለሚቀያየር እነዚህ ለስሌት ብቻ የያዝኳቸው ናቸው፤ የዕለቱን ዋጋ ከፓርኩ ድረ ገጽ እያየሽ ተኪያቸው። የቀን ትኬት 350 ዲርሃም፣ የሦስት ቀን ትኬት 600፣ ፓሱ 900 ይሁን።

900 ለ350 ሲካፈል 2.57 ነው፣ ስለዚህ በሦስተኛው መግቢያ ፓሱ ያሸንፋል። እህትሽ ያለችው ይህን ነው። ለአራት ሰው ሦስት ቀን በቀን ትኬት 4,200፣ በፓስ 3,600፤ 600 ዲርሃም የተረፈ ይመስላል። በሦስት ቀን ትኬት ግን ያው ሦስት ቀን 2,400 ነው። ፓሱ 1,200 አስበልጦሻል እንጂ አላተረፈሽም። ፓሱ የሚቀድመው አራተኛ ቀን ከተገባ ብቻ ነው፦ 600 ሲደመር 350 ይሆናል 950፣ ፓሱ 900። ትርፉ በሰው 50 ዲርሃም።

አሁን እሁዶቹን ቁጠሪ። በ30 ቀን ውስጥ አራት ወይ አምስት እሁድ ይገኛል። የመጀመሪያው የድካም ነው፣ የመጨረሻው የሻንጣ። የሚቀረው ቢበዛ ሦስት ነው፤ አንዱ ልጅ ካተኮሰው ደግሞ ሁለት። በሰው 50 ዲርሃም ለማትረፍ ብሎ በሰው 300 አስቀድሞ መክፈል ደግ ንግድ አይደለም።

ሌላው ሰው የማያስበው፣ መግቢያው ቢከፈልም ቀኑ ነጻ አይደለም። ብዙ ፓርኮች ምግብ ይዞ መግባት አይፈቅዱም። ለአራት ሰው ምሳ በሰው 50 ሲያዝ 200፣ ታክሲ ደርሶ መልስ ወደ 100፣ ዕቃ ማስቀመጫ ሎከር፣ ውሃ፣ ሲወጣ ደግሞ ልጅ የሚያለቅስበት የአሻንጉሊት ሱቅ። ፓስ የያዘ ሰው «ከፍለንበታል» እያለ ይመላለሳል፣ ይህን ወጪ በሄደ ቁጥር ይደግመዋል። አንቺ ከተመለስሽ በኋላ ያሉት 11 ወራት ደግሞ ፓሱ ደሴ ስልክሽ ውስጥ ተኝቶ ነው የሚያልቀው።

የቦርከና_ልጅ

ሒሳቡ ላይ የሚጨመር የለኝም፣ ወቅቱ ላይ ግን አለኝ። እኛ ክረምት የምንለው እዚያ ዋናው በጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ቀን ቀን ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ ወበቁ ሳይቆጠር። ከደሴ፣ ከ2,500 ሜትር ከፍታ የወረደ የ4 ዓመት ልጅ ሜዳ ላይ ያለ ፓርክ ውስጥ አንድ ሰዓት አይቆምም። ስለዚህ ፓሱ ስንት ፓርክ ያስገባል ሳይሆን ስንቱ ጣሪያ አለው ነው ጥያቄው። ዋርነር ብራዘርስ ወርልድ ሙሉ በሙሉ ጣሪያ ስር ነው። ፌራሪ ወርልድ አብዛኛው ውስጥ ነው፤ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ፎርሙላ ሮሳ ግን ሐዲዱ ወደ ውጭ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 የተከፈተው ሲወርልድም አብዛኛው ቤት ውስጥ ነው። ያስ ዋተርወርልድ ነው ሜዳ ላይ ያለው፤ ውሃ ቢሆንም ወለሉ እግር ያቃጥላል፣ ወደ ማታ ካልሆነ አይመከርም።

እሁድ የምትሉት ደግሞ ችግር አለበት። ከጥር 2022 ጀምሮ ኤምሬትስ የሳምንት እረፍቱ ቅዳሜና እሁድ ነው፣ አርብም ግማሽ ቀን። እሁድ መሄድ ማለት ከሕዝቡ ሁሉ ጋር መሰለፍ ማለት ነው። እሁድ አራት ጨዋታ የሚደርሰው ቤተሰብ ማክሰኞ ስምንት ሊደርሰው ይችላል። ይዞን የሚወጣ የለም ያልሽው አያሳስብሽ፣ አብሽሪ። የከተማው አውቶቡስ ያስ ድረስ ይገባል፣ በሃፊላት ካርድ ይከፈላል። እህትሽ ካርዱን ሞልታ ከሰጠችሽ ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ከልጆቹ ጋር ራስሽ ትሄጃለሽ። በሰው ብዛት ያልተበላ አንድ የሥራ ቀን ሁለት እሁድ ያህላል፤ እንዲያ ከሆነ ሦስት ቀንም ሊበዛባችሁ ይችላል።

ፓሱን እንግዛ ካላችሁ ሁለት ነገር አንብቡ። አንደኛው የታገዱ ቀናት ናቸው፤ ርካሹ ፓስ ብዙ ጊዜ በዒድና በሕዝብ በዓል አያስገባም፣ አንዳንዱም ቅዳሜና እሁድን ይዘጋል። እህትሽ ያላት እሁድ ብቻ ሆኖ ፓሱ እሁድን የሚያግድ ከሆነ ወረቀት ነው የገዛችሁት። ሁለተኛው የነዋሪ ዋጋ ነው። ማስታወቂያ ላይ የሚያጓጓው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለነዋሪ ነው፣ በር ላይ የኤምሬትስ መታወቂያ ይጠየቅበታል። ኢቃማ (የነዋሪነት ፈቃድ) ያላት እህትሽ ናት፣ በዚያራ የመጣ ሰው አይመለከተውም።

የልጆቹ ቁመት ስንት ነው? ዕድሜያቸውን ሳይሆን ቁመታቸውን ጻፊልን። ጫማ አውልቀው ተረከዛቸውን ግድግዳ ያስነኩ፣ ጭንቅላታቸው ላይ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ጠፍጣፋ አድርገሽ ከግድግዳው ጋር ቀጥ ሲል ከሥሩ በእርሳስ አስምሪ፣ ከዚያ ከወለሉ በሜትር ለኪ። ጎፍሮ የቆመ ፀጉር አይቆጠርም፣ እዚያም በመለኪያ ዱላው ተጭነው ነው የሚለኩት።

ሸዋበር_ዳር

ጀዛኩሙላህ ኸይር። ለካሁ፦ ትልቁ 146፣ መካከለኛዋ 121፣ ትንሹ 98 ሳንቲሜትር።

የቦርከና_ልጅ

ይህ ብዙ ነገር ይወስናል። 146 ከሆነ ትልቁ ከሞላ ጎደል ሁሉም ላይ ይወጣል። 121 ግን አደገኛ ቁጥር ነው። ብዙ ፈጣን ጨዋታ ድንበሩ 120 ወይ 130 ወይ 140 ነው፤ በ120ዎቹ በአንድ ሳንቲሜትር ታልፋለች፣ ከዚያ በላይ ያሉት ላይ ወንድሟን ቆማ ታያለች። ቀጥ ብላ ካልቆመች 120 ላይም ልትመለስ ትችላለች፣ ስለዚህ ከመሰለፋችሁ በፊት መግቢያው ላይ ያለውን መለኪያ አስሞክሪያት፤ 50 ደቂቃ ተሰልፋ ከተመለሰች በኋላ ቀኑ አይጠገንም።

98 ለሆነው ልጅ ዓመታዊ ፓስ ጭራሽ አይገዛም። አንዳንድ ፓርኮች የልጅ ትኬትን በቁመት ነው የሚለዩት፣ እንዲያ ከሆነ እሱ በቀን ትኬት በልጅ ዋጋ ይገባል። ለፓሱ ግን ብዙ ጊዜ የልጅ ዋጋ የለም፣ እንደ ትልቅ ሰው ነው የሚከፈልለት። ከሒሳብ_በጣት ስሌት ላይ የእሱን ድርሻ ስትቀንሱ ፓሱ ይበልጥ ይወድቃል።

በእነዚህ ቁመቶች እኔ የማደርገው፦ አንድ ቀን ዋርነር፣ ለትንሹ የካርቱን ሰፈሮቹ ይበቁታል። አንድ ቀን ሲወርልድ፣ ዓሣና ፔንግዊን ለማየት ቁመት አያስፈልግም፣ ለአንቺም የሚሻለው እሱ ነው። ሦስተኛው ፌራሪ፣ በዋናነት ለትልቁ። ፌራሪ ላይ እህትሽ አብራችሁ ብትኖር ይሻላል፤ አንድ ሰው ከትንሹ ጋር ሲቀር ሌላው ከትልቆቹ ጋር ይሰለፋል። ልጅ የያዙ ወላጆች ሁለተኛ ሳይሰለፉ የሚቀያየሩበት አሠራር ሊኖር ስለሚችል መግቢያው ላይ ጠይቁ። ዲዝኒ ይላሉ ልጆቹ፣ መልሱ ገና ነው፤ 2025 ላይ ያስ አይላንድ ውስጥ እንደሚሠራ ተነገረ እንጂ የሚገባበት ነገር የለም።

ከፒያሳ_እስከ_ኦርላንዶ

ከሁለታችሁም ትንሽ እለያለሁ። ፓስ መጥፎ ነው ብሎ መዝጋት አይገባም፣ አገዛዙ ነው መቀየር ያለበት። እዚህ አሜሪካ፣ ኦርላንዶ ዲዝኒ ወርልድ የተገዛ ትኬት ጊዜው ሳያልፍ ልዩነቱን ከፍሎ ወደ ዓመታዊ ፓስ ማሳደግ ይቻላል። ስለዚህ ብልህ ሰው መጀመሪያ ትኬት ይገዛል፣ ይገባል፣ ልጆቹ ስንት ሰዓት እንደሚቆዩበት ያያል፣ ከዚያ ይወስናል። በተቃራኒው ከፓስ ወደ ትኬት መውረድ የለም፣ ገንዘቡም አይመለስም። ሸዋበርም ያስ ላይ በመጀመሪያው ቀን ከመውጣትሽ በፊት የእንግዳ አገልግሎት መስኮቱ ላይ «ይህን ትኬት ማሳደግ ይቻላል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ከቻሉ ፓሱ ያኔ ይገዛ፣ ካልቻሉም የጎደለብሽ የለም።

የነዋሪ ነገር እዚህም ያው ነው። ለፍሎሪዳ ነዋሪ የሚሸጡት ርካሾቹ ፓሶች ለእንግዳ አይሸጡም። እዚህ ፓስን ከሚያዋጡት ነገሮች አንዱ የመኪና ማቆሚያ ነው፣ ለፓስ ባለቤት በነጻ ነው፤ በአውቶቡስ ለሚሄድ ሰው ግን ያ ጥቅም ባዶ ነው። የጥቅሙን ዝርዝር ስታነቢ የማትጠቀሚበትን በእስክሪብቶ ሰርዢው።

ጦሳ_ስር

እህቷ ለራሷ ብቻ ብትገዛስ? ዓመቱን ሙሉ እዚያ ያለችው እሷ ናት፣ አንዳንድ ፓስ ደግሞ ለእንግዳ ቅናሽ ይሰጣል። በዚያው ቁጥር፦ የእሷ ፓስ ከእሷ የሦስት ቀን ትኬት በ300 ይበልጣል። የእንግዳ ቅናሹ 10 ከመቶ ከሆነ በ2,400 ላይ 240 ነው፣ አይሸፍንም። 15 ከመቶ ከሆነ 360፣ ይሸፍናል። ግን ቅናሹ ለአንድ ቀን ትኬት ብቻ የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል ሒሳቡ ይፈርሳል፤ ጽሑፉን ሳታነቡ አትክፈሉ።

ሌላ ማንም ያላነሳው ስም ነው። ፓስ በስምና በፎቶ የታሰረ ነው፣ ለሌላ አይሰጥም። በእኛ ፓስፖርት የቤተሰብ ስም ቦታ ላይ የሚገባው የአያት ስም ነው፣ የራስና የአባት ስም አንድ ላይ በስም ቦታ ይጻፋል። እህትሽ ፎርሙ ላይ እንደ ልማዳችን የልጁንና የአባቱን ስም ብቻ ከሞላች ከፓስፖርቱ ጋር አይገጥምም። ሙሐመድን ብቻ በላቲን ፊደል አራት አምስት ዓይነት ሰው ይጽፈዋል። የፓስፖርቶቹን የፎቶ ገጽ ላኪላትና ፊደል በፊደል ከዚያ ትገልብጥ።

ውሃው ጋ የምትሄዱ ከሆነ በጥጥ ቀሚስና በአባያ ተንሸራታቹ ላይ አያስወጡም፣ ጨርቁ ስለሚይዝ ነው። የዋና ጨርቅ የሆነ ቡርኪኒ ይፈቀዳል። በሩ ላይ ከመግዛት ከተማ ውስጥ ቀድሞ መግዛት በጣም ይረክሳል።

ሸዋበር_ዳር

ፓሱን ተውኩት፣ ለእህቴም ስሌቱን አሳየኋት። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ትኬቱን ከወዲሁ ትግዛው ወይስ? ቪዛው ቢዘገይስ?

ሒሳብ_በጣት

ቅደም ተከተሉ ቪዛ፣ አውሮፕላን፣ ከዚያ ትኬት ነው። ቀኑ የተቆረጠ ትኬት ሊረክስ ይችላል፣ ቀኑ ካለፈ ግን አለፈ ነው፤ ለአንቺ ቪዛው እጅሽ ሳይገባ አይሆንም። ከበር ይልቅ ኦንላይን ስለሚረክስ አቡዳቢ ከደረሳችሁና ልጆቹ ካረፉ በኋላ እህትሽ በካርዷ ታውጣው። የሦስት ቀን ትኬት ከመጀመሪያው መግቢያ በኋላ በስንት ቀን ውስጥ ማለቅ እንዳለበት ይዩ፤ ሰባት ቀን የሚል ከሆነ በሦስት እሁድ አይዳረስም፣ የመጀመሪያውን ቀን ጨምሮ 15 ቀን ወይ ከዚያ በላይ የሚለውን ፈልጉ። ፓርክ ቀረን ብላችሁ ደግሞ ቪዛውን አታሳልፉ፣ ቅጣቱ በቀን 50 ዲርሃም ነው፣ ያውም በየሰው።

የቦርከና_ልጅ

ትኬቱን ከእህትሽ ስልክ በስክሪንሾት አትቀበይ። አንዳንዱ አፕ ላይ ኮዱ በየደቂቃው ይቀያየራል፣ ፎቶው በር ላይ አይነበብም። አፑን ስልክሽ ላይ ጭና በእሷ አካውንት ታስገባልሽ፣ ያንንም ቤት ዋይፋይ ሳለ። ፓወር ባንክ አትርሺ።