ኢ 7 እና ጂ ማይነር 7 አንድ ዘፈን ውስጥ፦ ኪው (የዘፈኑ ዋና ቃና) የቱ ነው?

ሶሎ_ፈላጊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የምለማመደው የጊታር ዘፈን አራት ባር (ባለ አራት ቢት ክፍል) ብቻ ነው የሚደጋግመው፦ ኤፍ ሜጀር 7፣ ኢ 7፣ ኤ ማይነር 7፣ አራተኛው ላይ ጂ ማይነር 7 እና ሲ 7 ሁለት ሁለት ቢት። በሲ ሜጀር ስኬል ሶሎ ስሞክር ሁለተኛውና አራተኛው ባር ላይ ይበላሻል። ጂ ሻርፕና (ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ጂ) ቢ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ቢ) ከየት መጡ?

ባለ6ክር፦ ኤ ማይነር ብለህ ያዘው። ሲ ሜጀር እንደ ማረፊያ አንዴም አልመጣም፤ ሲ 7 መሸጋገሪያ ነው። ኢ 7 የኤ ማይነር አምስተኛ ኮርድ ነው፣ ጂ ሻርፑ በግማሽ ድምፅ ወደ ኤ ይስባል። ጂ ማይነር 7 እና ሲ 7 ደግሞ የኤፍ ሜጀር ሁለተኛና አምስተኛ ናቸው፣ ጃዞች «ቱ ፋይቭ» የሚሉት። ወደ መጀመሪያው ኮርድ ይመልሱሃል፤ ዙሩ የማያልቅ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ስኬሉን ሁሉ አትቀይር። ኢ 7 ላይ ጂን ጂ ሻርፕ አድርግ፣ አራተኛው ባር ላይ ቢን ቢ ፍላት። በቃ።

ቤዝ_ወዳድ፦ ትክክል። አያያዙን ካስተካከልክ ጆሮህ ራሱ ይሰማዋል። ከወፍራሙ ክር ጀምሮ (ቁጥሩ የሚጫነው ፍሬት፣ 0 ክፍት ክር፣ × የታፈነ ክር ነው)፦

ኤፍ ሜጀር 7፦ 1 × 2 2 1 ×
ኢ 7፦ 0 × 0 1 0 ×
ኤ ማይነር 7፦ 5 × 5 5 5 ×
ጂ ማይነር 7፦ 3 × 3 3 3 ×
ሲ 9 (በሲ 7 ቦታ)፦ × 3 2 3 3 ×

አራተኛና ሦስተኛ ክር (ከቀጭኑ ሲቆጠር) ላይ አተኩር። ከጂ ማይነር ወደ ሲ ስትሄድ ኤፍ ወደ ኢ ይወርዳል፣ ቢ ፍላት አይነቃነቅም። ወደ ኤፍ ሜጀር ስትመለስ ደግሞ ኢ ይቆያል፣ ቢ ፍላት ወደ ኤ ይወርዳል። የጃዙ ጣዕም ያለው እዚህ ነው። ኤፍ፣ ኤ እና ጂ ላይ አምስተኛውን ክር ስድስተኛውን በያዘው ጣት ጎን አፍነው። ቤዝ ጊታር ካለ ወፍራሙን ክር ተወው፣ አለዚያ ድምፁ ይጨፈቃል።

ሶሎ_ፈላጊ፦ በትዝታ ማይነር (ባለ አምስት ድምፁ ቅኝት) ብጫወተውስ?

ባለ6ክር፦ ከኤ ስትነሳ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ ነው። ኤፍ ሜጀር 7 ላይ ቢ በጣም ያምራል። ኢ 7 ላይ ግን ኤ ላይ አትቁም፣ ከጂ ሻርፑ ጋር ይጋጫል፤ ቢ ወይም ኤፍ ላይ እረፍ። አራተኛው ባር ላይ ቢን ዝለለው።