ክርክር፦ ወደ ጢስ እሳት ገደል ያለ አስጎብኚ መውረድ ይከልከል?

አወያይ
ከቡድናችን አባላት አንዱ ከጢስ ዓባይ ሲመለስ ያነሣው ሐሳብ ብዙ ሰው ስላነጋገረ ለብቻው አውጥቼዋለሁ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ከፏፏቴው በታች ወዳለው ገደል የሚወርድ ማንኛውም ጎብኚ፣ ኢትዮጵያዊም ሆነ የውጭ አገር ሰው፣ ፈቃድ ያለው የአካባቢው አስጎብኚ ይያዝ፤ አንድ ቡድንም ከአሥር ሰው አይብለጥ። የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን ጻፉ። ስድብ እሰርዛለሁ። «እስማማለሁ» ብቻ ብሎ የሚያልፍንም እሰርዛለሁ።

ከቬጋስ ለዕረፍት የመጣሁት
ሐሳቡን ያነሣሁት እኔ ነኝና ምክንያቴን ላስረዳ። በምኖርበት በላስ ቬጋስ ሐበሻ ብዙ ነው። ከአገር ቤት ዘመድ በመጣ ቁጥር «ያንን በሥዕል የምናየውን ቀይ ዋሻ አሳየን» ይባላል። ቦታው አንቴሎፕ ካንየን ይባላል፤ አሪዞና ውስጥ ፔጅ ከምትባል ከተማ አጠገብ፣ በናቫሆ ሕዝብ መሬት ላይ ይገኛል። ከእኛ በመኪና አራት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚያስኬድ ገና ሳይነጋ ወጥተን ማታ እንመለሳለን። ዋሻ አይደለም። የበረሃ ጎርፍ የአሸዋ ድንጋዩን እየፈለፈለ ያወጣው ስንጥቅ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። በበጋቸው እኩለ ቀን ላይ የፀሐይ ጨረር ከላይ እንደ ዘንግ ይወርድበታል።

እዚያ ብቻውን የሚገባ ሰው የለም። ሚሊየነርም ብትሆን አስቀድመህ ቦታ ትይዛለህ፤ ቦርሳህን ትተህ፣ ናቫሆ አስጎብኚ ከፊትህ እየመራህ በትንሽ ቡድን ትገባለህ። አስጎብኚው ስልክህን ተቀብሎ ካሜራውን ለብርሃኑ እንዲስማማ አስተካክሎ ይመልስልሃል። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ትወጣለህ። ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አልመጣም። ነሐሴ 6 ቀን 1989 ዓ.ም. በሸለቆው ታችኛው ክፍል 11 ጎብኚዎችን ደራሽ ውኃ ወስዷቸዋል። ዝናቡ የጣለው ከእነርሱ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ነበር፤ በቆሙበት ቦታ የረባ ዝናብ አልነበረም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ሰሞኑን ጢስ እሳት ሄጄ ያየሁት እንዲህ ነው፦ ወጣቶች ፍንጣሪ ባረጠበው ድንጋይ ጫፍ ላይ ጀርባቸውን ለገደሉ ሰጥተው ፎቶ ይነሣሉ። አንዲት ሙሽራ በተረከዛም ጫማ ከነቬሎዋ ትወርዳለች፤ ሚዜዎቿ ቀሚሷን እንጂ ክንዷን የያዘላት የለም። «ተው» የሚል ሰው አላየሁም። ሰው እስኪሞት መጠበቅ አለብን?

ጡረታ የወጣ የውኃ መሐንዲስ
ወንድሜ፣ ስለ ሙሽራዋ የተናገርከው ልክ ነው። ንጽጽርህ ግን ውኃ አይቋጥርም፤ ይህን የምልህ ዕድሜዬን በውኃ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ።

የአንቴሎፕ ውኃ የበረሃ ደራሽ ነው። ምድሩ ደረቅና ጠንካራ፣ ዕፅዋቱ የሳሳ፣ መውጫው ጠባብ ስለሆነ ከሩቅ የዘነበው ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያንን ስንጥቅ ይሞላዋል። ዓባይ የሚወጣው ከሐይቅ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡትን ሁሉ ተቀብሎ ቀስ እያለ ነው የሚለቀው። ሐይቁ ከፍ የሚለው ክረምቱ አልፎ መስከረም ላይ ነው፤ ሐምሌ የጣለ ዝናብ በማግሥቱ ፏፏቴው ላይ አይደርስም። መውጫው ላይ ደግሞ ሰባት በር ያለው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ አለ። ከፏፏቴው በላይ የኃይል ማመንጫዎቹ መጥለፊያ አለ፤ አንደኛው እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ ሁለተኛውና ትልቁ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ውኃ ወስደዋል። ፏፏቴው የሳሳው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ብዙ ሰው እንደሚለው ሐይቁ ስለነጠፈ አይደለም።

ደራሽ የሚሆኑት ከጎን የሚገቡት ትንንሽ ጅረቶች ናቸው። ከሰዓት በኋላ ደጋው ላይ ዶፍ ሲወርድ፣ ጠዋት ቁርጭምጭሚት ያልሸፈነ ጅረት ማታ ሰው ይወስዳል። ይህን የአካባቢው እረኛ ሁሉ ያውቀዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1989ኙ አደጋ በሸለቆው ውስጥ አስጎብኚ የያዘ ቡድንም ነበር። ውኃው ጠርጎ ከወሰዳቸው ሰዎች በሕይወት የተረፈው አስጎብኚው ብቻ ነው። እንግዲህ አስጎብኚ መያዝ ብቻውን ማንን አዳነ? ከዚያ በኋላ የተደረገውን ተመልከት። የእንጨት መሰላሉ ቀርቶ በድንጋዩ ላይ የታሰረ የብረት ደረጃ ተሠራ። የማስጠንቀቂያ ጥሩምባ ተተከለ። ወደ ላይ ያለው ሰማይ ከጠቆረ ሸለቆው ይዘጋል፤ የከፈለውም ያልከፈለውም አይገባም። ነፍስ የሚያድነው ይህ ነው። እኛ ግን መደገፊያ ብረት ሳንተክል፣ ሰሌዳ ሳንሰቅል ሰው እንቅጠር እያልን ነው።

የታሪክ መምህርት
እኔ የምቃወመው በአንዲት ቁጥር ምክንያት ነው፤ «ከአሥር የማይበልጥ» በምትለው። አንድ የክፍል ተማሪ ይዤ ስሄድ በአውቶቡስ ስድሳ ልጅ ነው የምጭነው። ስድስት አስጎብኚ ልቅጠር ማለት ነው? ወላጆች ለአውቶቡሱ የሚያዋጡትን እንኳ በመከራ ነው የሰበሰብነው። ይህ ደንብ ከወጣ የባሕር ዳር ልጅ ዓባይን በድሮው የአንድ ብር ኖት ላይ ብቻ እያየ ያድጋል።

ልጆቹን የምወስደው ለፏፏቴው ብቻ አይደለም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። እዚያ አቁሜ ድንጋዩን እንዲነኩ አደርጋለሁ። ሕዝቡ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል፤ ድንጋዩን የተሸከመው ግን የዚሁ አገር ሰው ነው። ይህንን አስጎብኚ እንዲነግራቸው አልፈልግም፤ እኔ ነኝ የምነግራቸው። አስጎብኚዎች ለልጆች የሚነግሩትን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። አንዳንዱ ግሩም ነው፤ አንዳንዱ ግን ለፈረንጅ የሸመደደውን ተረት በአማርኛ ይደግመዋል።

ከአዲስ አበባ
እኔ የተቃጠልኩ ጎብኚ ነኝ። በበጋ ነበር የሄድነው፤ አንድ አስጎብኚ ከከተማ ጀምሮ «ፏፏቴው ሙሉ ነው፣ ዛሬ ውኃ ተለቋል» እያለ ወሰደን። ስንደርስ ከሰፊው ገደል ጥግ ላይ አንዲት ቀጭን ውኃ ትንጠባጠባለች። በክረምት 400 ሜትር ድረስ ይሰፋል የሚባለው ፏፏቴ! ስንመለስ ደግሞ በመጀመሪያ የተስማማንበት ዋጋ «ለአንድ ሰው ነው» ተባለ። አሁን እንደዚህ ያለውን ሰው በሕግ አስገድዳችሁ ልትጭኑብኝ ነው? ባይሆን መርጬ ልቅጠር፤ ተገድጄ የምቀጥረው ሰው ለእኔ የሚጨነቅበት ምክንያት ምንድን ነው?

የጢስ ዓባይ አስጎብኚ
እህቴ፣ ያ ሰው ያደረገው ነውር ነው፤ በሁላችንም ስም ያሳፍራል። ግን ይህንንም ተመልከቺልኝ፦ እንዲህ ዓይነቱ ሰው የሚፈለፈለው ደንብ በሌለበት ነው። ዋጋው በትኬት መስኮቱ ላይ በትልቁ ቢለጠፍ፣ ክፍያውም እዚያው በደረሰኝ ቢሆን፣ አስጎብኚም በተራ ቢመደብ፣ ከከተማ ጀምሮ ሰው የሚያባብል ደላላ ምን ሊበላ ይመጣል? ተራዬ እንደሚደርስ ካወቅሁ «ውኃው ዛሬ ትንሽ ነው፣ መስከረም ላይ ይምጡ» ለማለት አልፈራም። ተራ ከሌለ ግን እውነቱን የተናገረው ጾሙን ያድራል።

ጋሼ መሐንዲሱ አስጎብኚ ማንን አዳነ ላሉት፣ በአክብሮት ልመልስ። ብረቱ ይተከል፤ ማን ጠላ? ነገር ግን ጥሩምባውን የሚነፋው፣ ሰማዩን አይቶ «ዛሬ አይወረድም» የሚለው ሰው ነው። የትኛው ጅረት ቶሎ እንደሚሞላ እረኛው ያውቃል ብለዋል፤ እኔ ያ እረኛ ነበርኩ። ከፏፏቴው በላይ በጀልባ የሚሻገረው መንገድ ውኃው ሲበዛ እንደሚቆም፣ ያን ጊዜ እንግዳው በእግር ዙሮ እንደሚሄድና መመለሻው እንደሚመሽበት የማውቀው እኔ ነኝ። ሰሌዳው ይህን ሁሉ አይናገርም፤ ሰሌዳ ማንበብ የማይችልም ይመጣል።

አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ፈረንጅ ሲመጣ አስጎብኚ እንደ ክብር ይቆጠራል፤ ያገራችን ሰው ሲመጣ ግን «የገዛ ወንዜን ለማየት ልክፈል?» ይባላል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ጎብኚ ምን ያህል እንደጠፋ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚህ ጊዜ ካገራችን ሰው ካልሠራን ከማን እንሥራ?

ከቬጋስ ለዕረፍት የመጣሁት
ለመምህርቷ፦ ተማሪ ከነመምህሩ ሲመጣ ደንቡ አይመለከተው፤ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ይዞ ይግባ፤ አንድ የአካባቢው ሰው መንገድ ያሳይ። የአሥር ሰው ገደቡም ለተማሪ አይሁን።

ለጋሼ፦ ሐይቁ ቀስ ብሎ እንደሚለቅ አልክድም፤ ያመለከቷቸው ጅረቶች ግን ለእኔ በቂ ምክንያት ናቸው። ደግሞም ናቫሆዎቹን ያነሣሁት ለጎርፉ ብቻ አይደለም። መሬቱ የእነርሱ ነው፤ ደንቡን ያወጡት እነርሱ ናቸው፤ አስጎብኚዎቹ የራሳቸው ልጆች፣ ድርጅቶቹም የራሳቸው ናቸው። ቱሪስት በአውቶቡስ መጥቶ፣ ፎቶ አንሥቶ፣ ምሳውን ሌላ ከተማ በልቶ የሚሄድበት ቦታ አይደለም። የእኛን ተመልከቱ፤ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ሄዶ፣ ሁለት ሰዓት ቆይቶ፣ ዓሣውን ጣና ዳር ለመብላት የሚመለስ ጎብኚ ጢስ ዓባይ ከተማ ላይ ምን ይጥላል? እዚሁ ጣና ላይ እኮ ምሳሌው አለን። ክብራን ገብርኤል ሴት እንደማይገባ መነኮሳቱ ደንግገዋል፤ ጀልባ ተከራይቶ የሚሄደው ሁሉ ሳይከራከር ይቀበላል። የቦታው ባለቤት ሲናገር ሰው ይሰማል።

የታሪክ መምህርት
ክብራን ገዳም ነው፤ ሥርዓቱ የእምነት ሥርዓት ነው፤ ወንዝ ደግሞ የሁሉም ነው። ሁለቱን አንድ አታድርጋቸው። የተማሪዎቹን ነገር ግን በዚህ መልኩ ካስተካከልከው እኔ አልቃወምም። ደብዳቤ መጻፍ አይከብደኝም፤ ደብዳቤውን ተቀብሎ የሚያስገባ ሰው ትኬት ቢሮው ውስጥ ማግኘት ነው የሚከብደኝ።

ጡረታ የወጣ የውኃ መሐንዲስ
አስጎብኚው ልጄ ጥሩ መለሰልኝ። ደንቡ ካልቀረ ግን በወቅት ይወሰን። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ጅረቶቹ በሚሞሉበትና ድንጋዩ አረንጓዴ በሚያበቅልበት ጊዜ፣ ያለ አስጎብኚ መውረድ ይከልከል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሰው እንደፈለገ ይሂድ። በየካቲት ደረቅ ጅረት ለመሻገር መሪ ቅጠር ማለት ግብር መጣል ነው እንጂ ጥንቃቄ አይደለም።

ከአዲስ አበባ
በዚህ እስማማለሁ። ዋጋው ከተለጠፈና ደረሰኝ ካለ በክረምት እከፍላለሁ። የፏፏቴው ፎቶ የተነሣበት ቀንም ትኬት መስኮቱ ላይ ይለጠፍ፤ በየሳምንቱ አዲስ ፎቶ። ያኔ ማንም «ሙሉ ነው» ብሎ አይሸጥልኝም።

የጢስ ዓባይ አስጎብኚ
ፎቶውን እኔ አነሣለሁ፤ በነጻ። በወቅት መወሰኑ ላይ ግን አልስማማም። ክረምት እኮ ጎብኚ የሚያንስበት ወቅት ነው፤ መንገዱ ጭቃ፣ ቀኑ ዝናብ። ጎብኚ ባለበት በበጋ ነጻ፣ ጎብኚ በሌለበት በክረምት ግዴታ ካላችሁ፣ ሸክሙን ለእኛ፣ እንጀራውን ለደላላው መስጠት ነው።

ከማዶ
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ አንድ ሰው ይጠይቃል ብዬ ጠበቅሁ፣ ማንም አልጠየቀም። እኔ ከወንዙ ማዶ ነኝ። ያ ጎብኚ የሚወርድበት የምትሉት መንገድ የእኛ የገበያ መንገድ ነው። እናቴ በዚያ ድልድይ ላይ ጌሾና እንቁላል ይዛ ስትመላለስ ነው ያረጀችው። ታማሚም በቃሬዛ የምናሻግረው በዚያው ነው። እንግዲህ በሩ ላይ የሚቆመው ዘበኛ ጎብኚውንና ገበያተኛውን በምን ይለያል? በጫማ? እኔም ባሕር ዳር ተምሬ፣ ሱሪ ለብሼ፣ ስልክ ይዤ ነው ወደ ቤቴ የምሻገረው። ባለፈው አንድ ዘበኛ ትኬት ጠይቆኛል፤ ስቄ አለፍኩ። ደንብ ሲሆን ግን ስቄ የማልፍ አይመስለኝም።

ከላይ ድንጋዩ ያንሸራትታል ስትሉ ደግሞ እኛ በየቀኑ እንደምንረግጠው የተናገረ የለም። ብረት ይተከል የተባለው እስካሁን ከተባለው ሁሉ የሚሻለው ነው፤ እናቴንም ይደግፋታልና። አስጎብኚውም የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ሥራ ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ነገር ግን መጀመሪያ ደንቡ ላይ «የአካባቢው ነዋሪ በማንኛውም ሰዓት፣ ያለ ጥያቄ ያልፋል» ተብሎ ይጻፍ። ከሁሉም በፊት፣ በአንደኛው አንቀጽ።

ከቬጋስ ለዕረፍት የመጣሁት
ይጻፍ። ሐሳቡን ለወረዳው አስተዳደር ስናስገባ አንደኛው አንቀጽ የአንተ ይሆናል፤ ሁለተኛው መደገፊያ ብረቱ፤ የአስጎብኚው ጉዳይ ከዚያ በኋላ ይምጣ። በወቅቱ ላይ ጋሼና አስጎብኚው ገና አልተስማሙም፤ ሁለቱንም አማራጭ አድርገን እናቅርበው። ፊርማ ለማሰባሰብ በዚህ ሳምንት ጢስ ዓባይ ላይ ብንገናኝስ?

ከማዶ
እመጣለሁ፤ ብቻ በገበያ ቀን አታድርጉት። በገበያ ቀን ከማዶ የምታገኙት ሰው የለም፤ ሁሉም ድልድዩ ላይ ነው።