የአንዲ ሰመርስ ጊታር ቅንብር ነው ወይስ ድርሰት?

ባስ መስመር፦ የሮክ ባንዱ የ"ዘ ፖሊስ" ጊታሪስት አንዲ ሰመርስ የሕይወት ታሪኩን በ2006 አሳትሟል (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የባንዱ የ1983 ዘፈን "ኤቭሪ ብሬዝ ዩ ቴክ" በድምፃዊውና ባሲስቱ በስቲንግ ስም ብቻ ነው የተመዘገበው። ለእኔ ይህ ግፍ ነው። ኮርዶቹ (አብረው የሚመቱት ድምፆች) ኤ፣ ኤፍ ሻርፕ ማይነር፣ ዲ፣ ኢ ናቸው፤ በዚህ ቅደም ተከተል የተዘፈነው ዘፈን ተቆጥሮ አያልቅም። ሰመርስ ኮርዶቹን ሰባብሮ፣ ድምፆቹን አንድ በአንድ እየመታ፣ በየአንዱ ላይ ዘጠነኛዋን ድምፅ ጨመረ፣ ክሮቹን በመዳፉ እያፈነ ተጫወተው። በ1997 ራፐሩ ፓፍ ዳዲ ሳምፕል ያደረገውም፣ ማለትም ከቅጂው ቆርጦ አዲስ ዘፈን ውስጥ ያስገባውም፣ ያንኑ ጊታር ነው። የድርሰቱን ገንዘብ ግን ስቲንግ ወሰደ።

የቅጂ መብት፦ ወንድሜ፣ ሁለት የተለያየ ገንዘብ ነው ያቀላቀልከው። አንዱ የድርሰቱ ነው፤ ሌላው የቅጂው፣ ማለትም ስቱዲዮ የተቀዳው ድምፅ (የማስተሩ)። ሳምፕል የሚያደርግ ሰው የሁለቱንም ባለቤቶች ያስፈቅዳል። መስመሩን ራሱ እንደ አዲስ ከተጫወተው ግን የድርሰቱ ፈቃድ ይበቃዋል።

የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው "የጨመርከው ድርሰቱ ላይ ነው ወይስ አጨዋወቱ ላይ?" ብሎ ነው። የስፓንዳው ባሌ ድምፃዊ ቶኒ ሃድሊ፣ ሳክስ ተጫዋቹ ስቲቭ ኖርማንና ድራመሩ ጆን ኪብል ጊታሪስቱን ጋሪ ኬምፕን ከሰው በ1999 ተረቱ። ኬምፕ ዘፈኖቹን ግጥም፣ ዜማና ኮርድ ጨርሶ ነበር ልምምድ ላይ የሚያቀርበው። "ትሩ" ላይ ያለው የሳክስ ሶሎ እንኳ እንደ አጨዋወት ነው የተቆጠረው። ሃድሊ በ2004፣ ኬምፕ በ2009 የየራሳቸውን መጽሐፍ አወጡ። አንዱን ብቻ አንብቦ የሚከራከር ሰው ግማሽ መዝገብ ይዞ ነው የሚከራከረው።

ባስ መስመር፦ ባንዱ ፕሮኮል ሃረምስ? የ1967ቱ ዘፈናቸው "ኤ ዋይተር ሼድ ኦቭ ፔል" ላይ ኦርጋኑን የተጫወተው ማቲው ፊሸር በ2005 ከሶ፣ በ2006 የሙዚቃው 40 በመቶ ተፈረደለት። ይግባኝ ሰሚው ገንዘቡን ቢነፍገውም የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ) በ2009 መለሰለት። ኦርጋን ድርሰት ከሆነ ጊታር በምን ያንሳል?

ዜማ ወዳድ፦ ልዩነት አለው። የፊሸር ኦርጋን ራሱን የቻለ ዜማ ነው። ስምንት ባር ብቻውን ይሄዳል፣ ከስንኝ በኋላ ተመልሶ ይመጣል፣ ያለ ግጥም ይንጎራጎራል። የሰመርስ ጊታር ግን ኮርዱን እየተከተለ የሚፈስ ነው (ውበቱ ላይ አልከራከርም)። እኛ ጋ የካሴት ሽፋን ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር ተለይቶ ይጻፍ የለ? ሰመርስን "ቅንብር" ከሚለው ስር ነው የማገኘው። ደግሞም ፊሸር ያለፈውን 38 ዓመት ሂሳብ አላገኘም፤ የሚታሰብለት ከከሰሰበት ጊዜ ወዲህ ያለው ነው።

የቅጂ መብት፦ ሰመርስና ድራመሩ ኮፕላንድም በ2025 ለንደን ላይ ስቲንግን ከሰዋል። የባንዱ የዘ ስሚዝስ ድራመር ማይክ ጆይስ በ1996 የረታው ግን በድርሰት አልነበረም። የቅጂና የመድረክ ትርፍ ላይ 10 በመቶ ሲሰጡት የተፈረመ ውል ስላልነበረ በ1890ው የሽርክና ሕግ መሠረት እኩል ድርሻ፣ 25 በመቶ ሆነለት። የባንዱ ድምፃዊ ሞሪሲ በ2013 መጽሐፉ ረጅም ገጾች በዚህ ፍርድ ላይ ቢቆጣም አንድ ሳንቲም አላስመለሰለትም።

ባንድ ያላችሁ ሰዎች ዘፈኑ ባለቀ ዕለት፣ ስቱዲዮ ሳትገቡ ወረቀት ሙሉ፦ የዘፈኑ ርዕስ፣ የእያንዳንዱ ስም፣ ምን እንደሠራ (ግጥም፣ ዜማ፣ መግቢያ)፣ መቶኛ፣ ቀን፣ ፊርማ። ድምሩ ልክ 100 ይሁን። የመጀመሪያውን የልምምድ ቅጂ ከነቀኑ በስልካችሁ አስቀምጡ። ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ስቱዲዮ ውስጥ አዲስ ስንኝ ወይም መግቢያ ተጨምሮ ወረቀቱ ሳይስተካከል ሲቀር ነው። ሁለት ሰዎች የማይገጥም መቶኛ ሲያስመዘግቡ ሮያሊቲ ሰብሳቢው ድርጅት አከራካሪውን ድርሻ ይዞ ሊያቆየው ይችላል።

ዜማ ወዳድ፦ የባንዱ የአር.ኢ.ኤም. አባላት አራቱም በእኩል ስም አስመዝግበው ተገላገሉ።

ባስ መስመር፦ እነሱ አብረው ይሠሩ ነበር። ዘፈኑን ጨርሶ ይዞ የሚመጣ ስቲንግ እኩል ክፈል ቢባል አይፈርምም፣ አልፈርድበትምም። እኔ ለጊታሩ 15 በመቶ ነው ያልኩት።

የቅጂ መብት፦ አሁን ገና ነው 15 ያልከው። ቁጥሩን ከየት አመጣኸው?

ባስ መስመር፦ ፊሸር 40 ካገኘ ከግማሹም ያነሰ ነው የጠየቅኩት። አንቺ ስንት ትያለሽ?

የቅጂ መብት፦ ከድርሰቱ ዜሮ። ከማስተሩ ግን ሙሉ የአጫዋች ድርሻውን።