ቤት ገዝቶ አድሶ መሸጥ፦ ለስደተኛ ሥራ ነው ወይስ ቀጥሎ የሚመጣውን መጉዳት?

ጥያቄውን ያነሳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰው አዲስ አገር ገብቶ ትንሽ ጥሪት ሲይዝ ከሚመጡለት ሐሳቦች አንዱ ያረጀ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ፣ ቶሎ አትርፎ መሸጥ ነው። ፍሊፕ ማድረግ የሚባለው ማለት ነው። አንዳንድ መንግሥታት ይሄን ሥራ በታክስ እየተጫኑት ነው። ካናዳ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ቤት ገዝቶ 365 ቀን ሳይሞላው የሸጠ ሰው ትርፉን በሙሉ እንደ ንግድ ገቢ ታክስ እንዲከፍልበት ደንግጋለች። ሞት፣ ፍቺ፣ ከባድ ሕመም፣ ለሥራ ወደ ሌላ ቦታ መዛወርና የመሳሰሉት ብቻ ነፃ ያወጣሉ። ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የምትባለው ግዛቷ ደግሞ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የራሷን 20 በመቶ ጨምራበታለች። ይሄኛው ከአንድ ዓመት በኋላ እየቀነሰ ሄዶ ሁለት ዓመት ሲሞላ ይቀራል።

ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? እኔ ተገቢ ነው ባይ ነኝ። ርካሹን ቤት በጥሬ ገንዘብ ቀድመን የምንወስደው ከማን ነው? ገና በብድር ሊገዛ ከሚለፋ፣ እንደኛው ከመጣ ቤተሰብ ነው።

ግንበኛው፦
ወንድሜ፣ አልስማማም። እኔ የምኖረው በዚህ ሥራ ነው። ይዤው የመጣሁትን ዲግሪ ያየልኝ አልነበረም፤ ወለል ሳነጥፍ፣ ግድግዳ ስለስን ግን ሥራዬን አይተው ቀጠሩኝ፤ ከዚያ ለራሴ መሥራት ጀመርኩ። ደግሞ አንተ «ርካሽ ቤት» የምትለውን ገብተህ አይተኸዋል? ጣሪያው ያፈሳል፣ ማሞቂያው ሞቷል፣ ወጥ ቤቱ ተነቅሎ ተወስዷል። እንዲህ ያለ ቤት ላይ ባንክ ለተራ ገዢ ብዙ ጊዜ አያበድርም። ያ ቤተሰብ ቢፈልግም አይገዛውም። እኔ ገዝቼ ሰው የሚኖርበት አደርገዋለሁ፤ ከዚያ በብድር የሚገዛው ያ ቤተሰብ ነው። ታዲያ ቀማሁት ወይስ ከፈትኩለት?

የታክስ ባለሙያዋ፦
እዚህ ጋ አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ 203ኬ የሚባል ብድር አለ። መግዣውንና ማደሻውን አንድ ላይ ያበድራል፤ ለሚኖርበት ሰው ነው እንጂ ለነጋዴ አይደለም። ስለዚህ «ቤተሰቡ በፍጹም አይገዛውም» ማለት ልክ አይደለም።

ግንበኛው፦
አውቀዋለሁ እህቴ። ወረቀቱ ግን ብዙ ነው፤ ሻጭም በቶሎ መገላገል ስለሚፈልግ ጥሬ ገንዘብ የያዘውን ይመርጣል። ያንን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም።

ገዢዋ፦
እኔ ከገዢ ወገን ነኝና ትንሽ ታገሱኝ።

የገዛሁት ቤት ታድሶ የተሸጠ ነው። ሻጩ የገዛ አገሬ ሰው ነው፤ በቋንቋችን እያወራን ተዋዋልን፣ እኔም አመንኩ። ቀለሙ አዲስ፣ ወለሉ የሚያብረቀርቅ፣ መታጠቢያ ቤቱ እንደ ሆቴል። ብዙም ሳይቆይ የታችኛው ክፍል ኮርኒስ ላይ እርጥበት ወጣ። ግድግዳው ሲከፈት ያው አሮጌው ዝገት የበላው ቧንቧ፣ ከላዩ አዲስ ሴራሚክ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ያለ ፈቃድ የተቀጠለ። ከተማው ክፈችና አስፈትሺ አለኝ፤ ወጪው የኔ ሆነ። ሰውየው በድርጅት ስም ስለሸጠ፣ ድርጅቱም ስለተዘጋ የምጠይቀው ጠፋ።

በጣም የሚያበሳጨኝ የቀለሙ ነገር ነው። በአሜሪካ እርሳስ ያለበት ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው። ከዚያ በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ አሮጌ ቀለም ሲፋቅ የሚወጣው አቧራ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል። ከ2010 ጀምሮ በእንደዚህ ዓይነት ቤት ለክፍያ እድሳት የሚሠራ ሰው ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል፤ አድሶ የሚሸጥም ጭምር። የኔ ቤት ከ1978 በፊት የተሠራ ነው። በደረቁ እየፈገፈጉ ነው የቀቡት። ልጄን ደም አስመርምሬ ውጤቱ እስኪመጣ ድረስ የነበርኩበትን ጭንቀት ለማንም አልመኝም። ደህና ሆነች፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን በዕድል መሆን ነበረበት?

ወጣቱ፦
እህቴ፣ በጣም አዝናለሁ። ያ ግን ማጭበርበር ነው፤ ታክስ አያስቆመውም። የቤት ዋጋ ለማረጋጋት ያወጡትን ሕግ ራሳቸው መንግሥታቱ ሲሽሩት አይተናል። ኒው ዚላንድ በ2015 «በሁለት ዓመት ውስጥ የሸጠ ይክፈል» አለች፣ ወደ 5 ዓመት አሳደገችው፣ ከዚያ ወደ 10። ከጁላይ 2024 ጀምሮ ተመልሳ ሁለት ዓመት አደረገችው። ሆንግ ኮንግም ከ2010 ጀምሮ ቶሎ በሚሸጥ ላይ ትጥለው የነበረውን ልዩ ቀረጥ በ2024 አነሳች። እኔ ገንዘብ እያጠራቀምኩ ነው፤ ልጀምር ነው፤ ሕጉ ያስፈራኛል።

ጥያቄውን ያነሳው፦
ሲንጋፖርን ለምን ዘለልካት? እሷ እኮ በጁላይ 2025 አጠበቀችው። በመጀመሪያው ዓመት የሸጠ 16 በመቶ ይከፍላል፣ አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ እየቀነሰ ይሄዳል። የሻረም ያጠበቀም አለ፤ በዚህ ብቻ አታስረዳም።

የታክስ ባለሙያዋ፦
ወንድሜ ልትጀምር ከሆነ ከሕጉ በፊት ሒሳቡ ያስፈራህ። በሥራው ያሉ ሰዎች 70 በመቶ የሚሉት መለኪያ አላቸው። ቤቱ ከታደሰ በኋላ 300,000 ዶላር ያወጣል እንበል። 70 በመቶው 210,000 ነው። ከዚያ ላይ የእድሳቱን ወጪ፣ 50,000 እንበል፣ ትቀንሳለህ። ከ160,000 በላይ ከገዛኸው አደጋ ውስጥ ነህ። የቀረው 30 በመቶ ትርፍ እንዳይመስልህ። የብድር ታሪክህ (ክሬዲትህ) አጭር ስለሆነ ባንኩ ትቶህ ከግል አበዳሪ ትበደራለህ፣ ወለዱ ከባድ ነው፣ ቤቱ ሳይሸጥ በቆየ ቁጥር ይበላሃል። የደላላ ኮሚሽን አለ። የውልና የስም ማዛወሪያ ወጪ አለ። ሰው የማይኖርበትን ቤት ተራው ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ስለማይሸፍነው ሌላ ትገዛለህ።

ከዚያ ታክሱ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ ይሄን እንደ ሥራ የያዘ ሰው ትርፉ እንደ ተራ ገቢ ይቆጠራል፤ በላዩ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ አለ። ለአዲስ መጪ የምመክረው ሌላ መንገድ ነው። ግዛና ኑርበት፣ እየኖርክ አድሰው። ከመሸጥህ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን ባለቤት ሆነህ ከኖርክበት፣ እስከ 250,000 ዶላር ትርፍ ከታክስ ነፃ ነው፤ ለባልና ሚስት እስከ 500,000። አሰልቺ ነው፣ አቧራ ውስጥ መተኛት አለ። ግን ማንንም አይጎዳም።

ቪዛህንም ጠይቅ። ኤች 1ቢ በሚባለው የአሜሪካ የሥራ ቪዛ ያለ ሰው የተፈቀደለት ለቀጠረው ድርጅት መሥራት ብቻ ነው። ቤት መግዛት አይከለከልም፤ ራሱ መዶሻ ይዞ እያደሰ መነገድ ግን ያልተፈቀደ ሥራ ተብሎ ሊቆጠርበት ይችላል። ለጥቂት ትርፍ የመኖሪያ ፈቃድን አደጋ ላይ መጣል ተገቢ አይደለም። ጠበቃ ሳታማክር እንዳትነካው።

ወጣቱ፦
የቪዛውን ነገር ማንም ነግሮኝ አያውቅም። አመሰግናለሁ።

ግንበኛው፦
እኔ ወደ እህታችን ቤት ልመለስ፤ ያ ነገር ስማችንን ሁሉ ነው የሚያጠፋው። ፈቃድ ሳላወጣ ግድግዳ አልከፍትም። ቧንቧና ኤሌክትሪክ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ይሠራል፣ ኢንስፔክተሩ አይቶ ሲፈርም ነው ግድግዳው የሚዘጋው። ጊዜ ይወስዳል። ታዲያ ቶሎ ሸጥክ ብሎ መቅጣት እኔንም ሰውየውንም እኩል ነው የሚመታው። እንዲያውም እሱ ፈቃድ ባለማውጣቱ በቆጠበው ገንዘብ ታክሱን ይከፍልበታል። በጊዜ ፈንታ ወረቀት ይጠየቅ። ፈቃዱ፣ የፍተሻው ፊርማ፣ ግድግዳው ሳይዘጋ የተነሳ ፎቶ።

ገዢዋ፦
ይሄን ሁሉ ከውሉ ጋር አያይዘህ ከሰጠኸኝ በሦስት ወር ብትሸጠውም እኔ ቅሬታ የለኝም። ድርጅቱን ዘግቶ መጥፋትም ይከልከል። የሠራ ሰው ለተወሰነ ዓመት በስሙ ይጠየቅ።

ጥያቄውን ያነሳው፦
ወረቀቱ ይጠየቅ፤ በዚህ ከሁለታችሁም ጋ ነኝ። ታክሱ ግን ይቅር አልልም። አንተ በሐቅ ብትሠራም ያ ቤተሰብ የጎደለውን እያሟላ ቀስ ብሎ ሊኖርበት የሚችለውን ቤት አንተ ወስደህ፣ አሳምረህ፣ ከአቅሙ በላይ አድርገህ ትመልስለታለህ። ቤቱ ያኔም አንድ ነበር፣ አሁንም አንድ ነው። የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ሕግ እኮ ይሄን ይለያል፤ በቦታው ላይ ተጨማሪ መኖሪያ የሠራ ሰው ከታክሱ ነፃ ሊሆን ይችላል። የታችኛውን ክፍል ራሱን የቻለ ቤት አድርገህ ሁለት ቤተሰብ ካስገባህበት ትርፉን ብላ። ቀለም ቀብተህ፣ ወጥ ቤት ቀይረህ ከሸጥከው ግን 20 በመቶውን ክፈል።

ግንበኛው፦
የሚያፈሰውን ጣሪያ ረሳኸው። እሱን የጠገንኩበት በየትኛው ይቆጠራል?