አስቸኳይ፦ የቃኘው ባንዲራ ውሃ ገባበት፣ ቀለሙ እየለቀቀ ነው

የዘማች ልጅ ልጅ፦ ወገኖች ድረሱልኝ! ጣራው ሌሊት አፍስሶ የአያቴ ሳጥን ውስጥ ውሃ ገባ። ከኮሪያ ይዞት የመጣው የሐር ባንዲራ ርሷል፣ ቀዩ ወደ ቢጫው እየሄደ ነው። እናቴ በሳሙና አጥበን ፀሐይ ላይ እናስጣው ትላለች። ምን ላድርግ?

ታሪክ ወዳጅ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ በእጅህ ያለውን ነገር እወቅ። ቃኘው ለኮሪያ ጦርነት ከክቡር ዘበኛ (ከንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ ጦር) የተውጣጣ ጦር ነው፤ ስሙም የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። የመጀመሪያው ሻለቃ በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥቶ የደቡብ ኮሪያ ወደብ ፑሳን ወረደ። ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ቃኘው እየተተኩ ቀጠሉ። ከ120 በላይ ወደቁ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም!

የዘማች ልጅ ልጅ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ባንዲራው አሁንም እየተንጠባጠበ ነው!

ሰፈሩ፦ ጨው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ ንከረው፣ ቀለሙን ይይዘዋል።

መርፌና ክር፦ ኧረ በፍጹም! የለቀቀ ቀለም በጨው አይያዝም። ሳሙናም ካውያም አይንካው።

ቀልደኛው፦ ሞባይል ቢሆን ሩዝ ውስጥ ቅበረው እልህ ነበር 😄 ከምሬ ግን፣ እርጥብ ሐር በራሱ ክብደት ስለሚቀደድ ጫፉን ይዘህ እንዳታነሣው። ከሥሩ አንሶላ አስገብታችሁ ለሁለት አንሡት። ነጭ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርጋው፤ ከላይም ነጭ ጨርቅ እያደረግህ ሳታሽ ጫን ጫን አድርግ፣ ጨርቁ ሲርስ ቀይር። ማራገቢያውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ነፋሱ በቀጥታ አይምታው። በሁለት ቀን ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይይዘዋል።

ሰፈሩ፦ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ይደርቃል።

መርፌና ክር፦ ፀሐይ ቀለሙን ይበላዋል፣ ሐሩንም ያደርቀዋል። ጥላ ብቻ!

የድሮ ወታደር፦ ለመሆኑ የሻለቃው ጦር ዓላማ (የጦር ክፍሉ ባንዲራ) መሆኑን በምን አወቅህ? የጦር ክፍል ዓላማ ከጦሩ ጋር ይመለሳል እንጂ ለአንድ ሰው ቤት አይሰጥም። መታሰቢያ እንዲሆን የተሠራም ሊሆን ይችላል። ጽሑፍ አለው? በጠርዙስ የሚንጠለጠል የክር ዘርፍ አለው?

የዘማች ልጅ ልጅ፦ አንበሳው በወርቃማ ክር የተጠለፈ ነው፣ ዙሪያውን ዘርፍ አለው። አንሶላው ላይ አድርገነዋል፤ እናቴም ሳሙናውን ትታለች።

ቀልደኛው፦ ጥልፉ ላይ አትጫን፣ የብረት ክር ከሆነ ይሰበራል። ሲደርቅም መልሰህ አትጠፈው፤ የድሮ ሐር የሚሰነጠቀው በእጥፋቱ ላይ ነው። በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ወፍራም ቱቦ ላይ ጠቅልለው። የተቀደደውን በማስቲሽ ወይም በፕላስተር እንዳትነካካው፣ ለባለሙያ ተወው።

መርፌና ክር፦ አሁኑኑ ፎቶ አንሣው፣ በፊትም በጀርባም። ከዚያ ቅርስ ባለሥልጣን ሄደህ አማክር።

የድሮ ወታደር፦ ጥልፍና ዘርፍ ካለውስ ነገሩ ሌላ ነው። አያትህ በስንተኛው ቃኘው ነው የዘመቱት? የኮሪያ ዘማቾች ማኅበር ስማቸውን ይዘህ ሂድ። አንበሳው ሥር የተጻፈ ነገር ካለም እዚህ ጻፍልን።

ታሪክ ወዳጅ፦ ልጄ፣ ደረቀ ወይ?