የሚያታዬን ቁመት በ700 ዶላር በጀት ዝቅ ላድርግ፦ ሞላ ብቻ ልቀይር ወይስ ከነአሞርዛተሩ?

ሚያታ_አሌክሳንድሪያ

ሰላም ወገኖች። የ2001 ማዝዳ ሚያታ አለችኝ። 1.8 ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ነው። የገዛኋት ከአንድ ጡረታ ከወጡ ሰው ነው፤ አያያዛቸው የሚመሰገን ነበር። ቦዲዋ ንጹህ ነው፣ ሞተሯም ሸጋ ነው። የማይዋጥልኝ ቁመቷ ነው። በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል አራት ጣት ያስገባል። እንዲህ ያለች ቆንጆ መኪና ከፍ ብላ ስትቆም ያናድደኛል።

አሞርዛተሮቹ ከፋብሪካ አብረዋት የወጡት ይመስሉኛል። ድልድይ መጋጠሚያ ላይ ስደርስ ኋላዋ ሁለት ሶስቴ ይዘላል። በጀቴ 700 ዶላር ነው። የእጅ ዋጋ የለበትም፣ ከአጎቴ ልጅ ጋር ራሳችን ነን የምንገጥመው። ያየሁት ሶስት መንገድ ነው። አንደኛው ኢባክ የሚባለውን ኩባንያ ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ገዝቼ በድሮው አሞርዛተር ላይ መግጠም። ሁለተኛው ኢንተርኔት ላይ ከ400 ዶላር በታች የሚሸጠው ሙሉ ኮይልኦቨር (ሞላና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ሆኖ ቁመቱ የሚስተካከል)። ሶስተኛው ጓደኛዬ ያመጣው ሀሳብ ነው፤ "ያለውን ሞላ አንድ ዙር ቁረጠውና ገላገል" ይለኛል። ክረምት ከበጋ ስራ የምሄደው በእሷ ነው። 2 ኢንች ዝቅ ብትል ደስ ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_መካኒክ

ወንድሜ፣ ሞላ መቁረጡን ዛሬውኑ እርሳው። እውነት ነው፣ የተቆረጠ ሞላ ዙሩ ስለሚያንስ ይጠነክራል። ግን የሚጠነክረው በትንሹ ነው፣ የምታጣው ቁመት ደግሞ ብዙ ነው። መኪናዋን በክሪክ ስታነሳት፣ ወይም አንዱ ጎማ ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል፣ ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ይላቀቃል። ሲመለስ ቦታውን ስቶ ሊቀመጥ ይችላል። በእሳት የተቆረጠ ከሆነማ ብረቱ ራሱ ይበላሻል። አዲስ አበባ ጋራዥ በምሰራበት ጊዜ እንዲህ የተቆረጠ ሞላ የገባባቸው መኪኖች ይመጡልን ነበር። ገና ከበር ሲገቡ ወደ አንድ ጎን ማዘንበላቸው ይታያል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሚያታ ከፋብሪካ ስትወጣም ጎማዋ ወደ ላይ የሚሄድበት ቦታ ጠባብ ነው። 2 ኢንች ስታወርዳት የምትበላው ያንኑ ቦታ ነው። ያኔ መኪናዋ ሞላው ላይ መሄድ ትታ አሞርዛተሩ ዘንግ ላይ ባለችው ባምፕ ስቶፕ የምትባል ትንሽ የጎማ መግቻ ላይ ትሄዳለች። ያች ጎማ የተሰራችው ለክፉ ጉድጓድ እንጂ ለሁልጊዜ አይደለም። ምቾቱ ብቻ ቢሆን ባልተከራከርኩህ። ኩርባ ላይ ሆነህ የኋላው ባምፕ ስቶፑን ሲነካ ግን ያ ጎን በድንገት ይደርቃል፣ ጎማው መሬት መያዙን ይቀንሳል። መንገዱ እርጥብ ከሆነ ጭራዋ ታመልጥሃለች። ለዚህ ነው በ2 ኢንቹ የማልስማማው። ለዕለት መንጃ 1 ኢንች ይበቃል። 1 ኢንች ስታወርዳት ያ አራት ጣትህ ወደ ሶስት ገደማ ይወርዳል፤ መልኳም ይቀየራል።

ሞላ ብቻ መቀየሩንም አልመክርህም። መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው። አሞርዛተሩ ደግሞ ሞላው ከታመቀ በኋላ እንዳይዘል ይገታዋል። ያንተ አሞርዛተር አሁን ያለውን ለስላሳ ሞላ እንኳ መግታት አቅቶት ኋላዋ እየዘለለ ነው። ጠንካራ ሞላ ስትጨምርበት ይብሳል። ዝቅ ያለች ግን የምትፈናጠር መኪና ይዘህ ትቀራለህ።

ስለዚህ ገንዘብህን መጀመሪያ አሞርዛተር ላይ አውጣው። እኔ ብሆን ኮኒ ስፖርት የሚባለውን ቢጫ አሞርዛተር እገዛ ነበር። ሞላው ሲመለስ የሚገታበትን ኃይል ማጥበቅና ማላላት ይቻላል። ከዚያ በላይ የምወድለት የሞላው መቀመጫ ነው። አካሉ ላይ ቦዮች አሉት፤ ቀለበቷን ወደ ታችኛው ቦይ ስታወርዳት መኪናዋ በፋብሪካው ሞላ እንኳ ዝቅ ትላለች። ዋጋው በጀትህን ሊጨርሰው ይችላል። ይጨርሰው። ሞላው በሚቀጥለው ዓመት ይደርሳል። አዲስ ባምፕ ስቶፕ ግን አብረህ ግዛ፤ የዚህ ዕድሜ መኪና ላይ የድሮዋ ስትነካት ትፈረፈራለች።

ያገለገለ ኮኒም አትናቅ። ወደ ውድ ኮይልኦቨር የሚያልፉ ልጆች የድሮውን ከነሞላው ይሸጡታል። ስትገዛ ዘንጉን ወደ ታች ግፋው። ስትገፋውም ስትስበውም ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቆራረጥ መክበድ አለበት፤ ስትስበው ይበልጥ ቢከብድ ችግር የለውም። መሀል ላይ ባዶ ከሆነብህ፣ ወይም ዘንጉ ስር ዘይት ካየህ፣ ተወው።

ስለ ርካሹ ኮይልኦቨር አጭር ነገር ልበል። ክረምት እነዳታለሁ ብለሃል። እዚህ አካባቢ መንገድ ላይ ጨው ይነሰነሳል። ቁመት የሚስተካከልበት ጥርስ በዝገት ይያዛል፤ አሞርዛተሩ ሲሞትም መለዋወጫ የለውም፣ ትጥለዋለህ።

ፍራንክፈርት_94

እኔ የ1994ቷ ሚያታ ነው ያለችኝ፣ የመጀመሪያው ትውልድ። ወንድሜ፣ ያንተዋ ከኔዋ በአንድ ነገር ትበልጣለች። የአሞርዛተሩ የላይኛው መያዣ ተሻሽሎ ነው የመጣው፣ ለጎማው ተጨማሪ ቦታ ይሰጣል። እኛ የድሮዋን የያዝን ዝቅ ከማድረጋችን በፊት ያንተን ዓይነት መያዣ ፈልገን እናስገባለን። ስለዚህ በእሱ አትቸገር።

ጀርመን ውስጥ ሞላ ቀይረህ ዝም ብለህ አትነዳም። ሞላው ታይልጉትአህተን የሚባል ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ መኪናዋን ከነወረቀቱ ቲዩቭ ወይም ዴክራ የሚባሉት የመኪና መርማሪ ድርጅቶች ጋ ወስደህ ታስመረምራለህ። ወረቀቱ ለየትኛው ሞዴል እንደተፈቀደና በምን ያህል እንደሚያወርድ ይናገራል። የኔዎቹ 30 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው የሚያወርዱት። አሜሪካ ሆነህም ይህን ወረቀት ከአምራቹ ድረ ገጽ ፈልገህ ብታነበው ይጠቅምሃል። ከሻጭ ማስታወቂያ ይልቅ እሱን አምናለሁ።

ሚያታ_አሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የፍራንክፈርቷ እህቴም አመሰግናለሁ። ባምፕ ስቶፕ ላይ ተቀምጣ ትሄዳለች ያሉኝ ነገር ሀሳቤን አስቀይሮኛል። አሞርዛተሩን አስቀድማለሁ፣ 2 ኢንቹም ቀርቷል። ስለ ገጠማው ግን ቢነግሩኝ። እኔና የአጎቴ ልጅ ፍሬን ሸራና ዘይት እንጂ ሞላ ነክተን አናውቅም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_መካኒክ

ጥሩ ጠየቅህ። ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ከመኪናዋ ስር ግባ። ጎማውን ከመኪናዋ ጋር የሚያገናኘውን የታችኛውን እጅ የሚይዙት ብሎኖች ላይ ምልክት ያለበት ክብ ታያለህ። አላይመንት (የጎማው አቅጣጫና ዝንባሌ) የሚስተካከለው እነሱን በማዞር ነው፤ በአራቱም ጎማ አሉ። እዚህ አገር በጨው ምክንያት ቦኮላው (የእጁ መጋጠሚያ ቱቦ) ውስጥ ይዝጋሉ። ካልዞሩ መኪናዋን ዝቅ ካደረግህ በኋላ ጎማውን ማስተካከል አትችልም፣ ጎማህ በውስጥ በኩል ይበላል። ሳምንት ሲቀረው ጀምረህ የዝገት ማላቀቂያ ቅባት ርጭባቸው። ያለቦታው አታስገድድ፣ ብሎኑ ይቆረጥብሃል።

ሞላ ማመቂያውን መግዛት የለብህም። ኦቶዞን ገንዘብ አስይዘህ ትዋሳለህ፣ ስትመልስ ገንዘብህን ይመልሱልሃል። ሁለቱን መንጠቆ ትይዩ አድርገህ እያፈራረቅህ አጥብቅ። ሞላው ከመቀመጫው ላላ ሳይል የላይኛውን ዳዶ እንዳትፈታ። ፊትህንም ከሞላው አቅጣጫ አርቅ። የታመቀ ሞላ ሰው ይገድላል፤ ይህን ለአጎትህ ልጅም ንገረው።

ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ነገር አለ። የእጆቹ ቦኮላ ውስጥ ያለው ጎማ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነው። መኪናዋ በክሪክ ተንጠልጥላ ሳለ ብሎኑን አጥብቀህ ስታወርዳት ጎማው እንደተጠመዘዘ ይቀራል። ቁመቷ ከሚገባው በላይ ከፍ ይላል፣ ቦኮላውም ቶሎ ይቀደዳል። ስለዚህ የፈታሃቸውን የእጅ ብሎኖች በእጅህ ብቻ ያዛቸው። መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ስትቆም፣ ወይም አራቱም ጎማ ራምፕ ላይ ሆኖ፣ ያኔ አጥብቃቸው። ያልፈታሃቸውን የእጅ ብሎኖችም በዚሁ መንገድ ፈታ አድርገህ መልሰህ ብታጠብቃቸው ደግ ነው።

ሪችመንድ_ሹፌር

አንድ ነገር ልጨምር። የቨርጂኒያ ህግ ላይ የከፍታ ገደብ አለ። ቁመቷ የተቀየረ የቤት መኪና የፓራውርቷ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ከ14 ኢንች በታች ወይም ከ22 ኢንች በላይ መሆን አይፈቀድም። አሁን ያለችበትን በሜትር ለካና ጻፈው። ዓመታዊ ምርመራ ላይ የምትከራከርበት ቁጥር በእጅህ ይኑር።

ሚያታ_አሌክሳንድሪያ

ዛሬ ማታ እለካለሁ። ብሎኖቹን ደግሞ ቅዳሜ አያቸዋለሁ። አላይመንቱን በገጠምንበት ቀን ልውሰዳት ወይስ ልቆይ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ_መካኒክ

ቆይ። ጥቂት ቀን ንዳት፣ ሞላው ቦታውን ይያዝ። ከዚያ ውሰዳት። ካምበሩን (የጎማው አናት ወደ ውስጥ የሚያዘነብልበትን) ከፊት ኔጌቲቭ 1 ዲግሪ አካባቢ፣ ከኋላ ትንሽ ጨመር አድርገው እንዲያስተካክሉልህ ንገራቸው። የኋላው ጎማ የፊት ጠርዙ በትንሹ ወደ ውስጥ ይዙር፤ ወደ ውጭ ከሆነ መኪናዋ አትረጋም። ሲያስተካክሉ አንተ ሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥ። ይህች ቀላል መኪና ናት፣ የአንድ ሰው ክብደት ቁጥሩን ይለውጠዋል። የፊት መብራቱንም አሳይ፤ የኋላው ከፊቱ ይበልጥ ዝቅ ካለ መብራቱ የመጪውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። ብሎኖቹን ቅዳሜ ስታይ ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልኝ።